የኦነርስ ግብዣ መጣልኝ፤ የምማረው ነርሲንግ ነው፤ ልግባ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ፔንስልቬንያ ውስጥ 1,500 ገደማ ተማሪ ያለው የግል ኮሌጅ ለነርሲንግ ተቀብሎኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለኦነርስ ፕሮግራም ተመርጠሻል የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። በዓመት 3,000 ዶላር ተጨማሪ ስኮላርሺፕ አለው፤ ጂፒኤዬ ከ3.4 በታች ከወረደ ግን እወጣለሁ ይላል። አሜሪካ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። አንብቤ እረዳለሁ፣ ክፍል ውስጥ መናገር ግን ያስፈራኛል። ቅዳሜና እሁድ በአረጋውያን መጦሪያ ስምንት ስምንት ሰዓት እሠራለሁ። አባቴ ‹ክብር ነው፣ ግቢ› ይለኛል፤ አክስቴ ደግሞ ‹ይከብድሻል፣ ነርሲንጉም ይበላሽብሻል› ትላለች። መልስ የሚፈልጉት እስከ ሜይ 1 ነው። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እንኳን ደስ አለሽ። በአጭሩ፣ ግቢ። ከመፈረምሽ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሪ፦ የኦነርሱ ሴሚናር የሚሰጥበት ቀንና ሰዓት ከነርሲንጉ ላብና ክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) ጋር ይጋጫል ወይ? አባትሽና አክስትሽ የተሟገቱት በክብሩና በክብደቱ ነው። በትንሽ ኮሌጅ የነርሲንግ ተማሪን ከኦነርስ የሚያስወጣት ግን ብዙ ጊዜ ክብደቱ አይደለም፤ የሰዓት ሰሌዳው ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ ዘንድ «ኦነርስ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በማዕረግ መመረቅ ነው። በማዕረግ መመረቅ፣ እዚህ ኩም ላውዴ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ጂፒኤ ብቻ ይወሰናል። ኦነርስ ፕሮግራም ሳትገቢ ልታገኚው ትችያለሽ፤ ገብተሽም ሊያመልጥሽ ይችላል። ዲንስ ሊስት የአንድ ሰሚስተር ውጤት ነው። «ተመርጠሻል፣ የአባልነት ክፍያ ላኪ» እያሉ የሚጽፉልሽ ደግሞ ኦነር ሶሳይቲዎች ናቸው፤ ከ1776 ጀምሮ እንዳለው እንደ ፋይ ቤታ ካፓ ያሉ የተከበሩ አሉ፣ ገንዘብ ከመሰብሰብ ያለፈ ሥራ የሌላቸውም አሉ። አንቺ የተጋበዝሽበት ከነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ሽልማት ሳይሆን ራሱን የቻለ የትምህርት መንገድ ነው። የራሱ ኮርሶች፣ የራሱ ግዴታዎችና አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የራሱ የምርምር ጽሑፍ አለው።

ትንንሽ ኮሌጆች በዚህ ነገር የቆየ ልምድ አላቸው። እዚያው ፔንስልቬንያ ያለው ስዋርትሞር ኮሌጅ በፕሬዚዳንቱ በፍራንክ ኤይድሎት ዘመን፣ በ1922፣ የኦክስፎርድን አሠራር ተከትሎ የጀመረው የኦነርስ ፕሮግራም እስካሁን አለ። ተማሪዎቹ በትንንሽ ሴሚናሮች ይማራሉ፤ በመጨረሻ የሚፈትኗቸው አስተማሪዎቻቸው ሳይሆኑ ከሌላ ቦታ የሚመጡ መርማሪዎች ናቸው። ያንቺ ኮሌጅ ፕሮግራም እንደዚያ ነው ማለት ግን አይደለም። ከ1966 ጀምሮ የኦነርስ ፕሮግራሞችን የሚያሰባስብ አገር አቀፍ ምክር ቤት አለ፤ ምክር ይሰጣል እንጂ የጥራት ማረጋገጫ አይሰጥም። ስለዚህ ኦነርስ የሚለው ቃል እያንዳንዱ ኮሌጅ የሰጠውን ትርጉም ነው የሚይዘው። አንዱ ጋ ስድስት ኮርስና ቲሲስ፣ ማለትም የምርምር ጽሑፍ፣ ነው፤ ሌላው ጋ የተለየ ዶርምና በዓመት ሁለት እራት። የመጣልሽ ደብዳቤ ይህን አይነግርሽም። የሚነግርሽ የግዴታ ዝርዝሩ ነው። ኮሌጁ በየዓመቱ በሚያወጣው ካታሎግ ውስጥ ስለሚገኝ አውርደሽ አስቀምጪው። ብዙውን ጊዜ የሚመለከትሽ የገባሽበት ዓመት ካታሎግ ነው፤ በኋላ ደንቡ ቢቀየር የምትከራከሪበት ወረቀት ይሆንሻል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ኮርስ በአምስት የተለያየ ሰዓት ሊሰጥ ይችላል። 1,500 ተማሪ ያለው ኮሌጅ ግን የኦነርስ ሴሚናሩን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በአንድ ሰሚስተር በአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀትር በኋላ እንበል። የነርሲንጉም ኮርሶች እንዲሁ ብዙ ጊዜ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጡት። ፋርማኮሎጂ ወይም ፓቶፊዚዮሎጂ በበልግ (በፎል ሰሚስተር) ካመለጠሽ እስከሚቀጥለው በልግ ትጠብቂያለሽ፤ ከኋላው የተሰለፉትም ሁሉ አብረው ይገፋሉ። በአንደኛ ዓመት ችግር አይኖርም፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ሳይኮሎጂና እንግሊዝኛ ስለሆነ ሴሚናሩ ቦታ አያጣም። ጣጣው የሚመጣው ክሊኒካል ሲጀመር ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሙሉ ቀን ሆስፒታል ትውያለሽ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት መገኘት የተለመደ ነው፤ ቀኑን የሚወስነው ደግሞ ኮሌጁ ብቻ ሳይሆን ሆስፒታሉም ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ለክሊኒካል ከተያዙ የሦስተኛ ዓመት ሴሚናርሽ አለቀለት።

ስለዚህ ለኦነርሱ ዳይሬክተር የምትጽፊው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይከብዳል ወይ?» አይሁን። «ባለፉት አራት ዓመታት ስንት የነርሲንግ ተማሪዎች ፕሮግራሙን ጨረሱ? በሦስተኛና በአራተኛ ዓመት ግዴታቸውን ያሟሉት በየትኞቹ ኮርሶች ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለትና ሦስት ተማሪ ጠቅሶ መንገዱን ከነገረሽ መንገዱ አለ። «ሁሉም ሜጀር ይችላል፣ እናመቻቻለን» ብቻ ካለሽ ደግሞ ለነርሲንጉ ክፍል ኃላፊም ያንኑ ጥያቄ ላኪ። ሁለቱ መልሶች ካልተገጣጠሙ የነርሲንጉን እመኚ፤ ዲግሪሽን የሚይዘው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሴሚናሮቹ የጄኔራል ኤዱኬሽን ግዴታን፣ ማለትም ከሜጀርሽ ውጭ ሁሉም ተማሪ የሚወስዳቸውን ኮርሶች፣ ይተካሉ ወይስ ተጨማሪ ናቸው? ከተኩ፣ ማለትም የታሪክ፣ የፍልስፍና ወይም የሥነ ጽሑፍ ኮርስ በሚወሰድበት ቦታ የኦነርሱን ከወሰድሽ፣ ጭነትሽ ብዙም አይጨምርም፤ ያው መውሰድሽ ላልቀረ ኮርስ የተሻለ ክፍልና የተሻለ አስተማሪ ታገኛለሽ። ካልተኩ ግን ተጠንቀቂ። ነርሲንግ የራስሽ ምርጫ የሆነ ክፍት ቦታ እምብዛም የለውም። 17 ክሬዲት ላይ ሦስት ስትጨምሪ 20 ይሆናል፤ ብዙ የግል ኮሌጆች ደግሞ በአንድ ዋጋ የሚያስተምሩት እስከ 17 ወይም 18 ክሬዲት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ በክሬዲት ያስከፍላሉ፤ በክሬዲት ከ1,000 ዶላር የሚያልፍበት ኮሌጅ አለ። የ3,000 ዶላሩ ስኮላርሺፕ በአንድ ሴሚናር ተበላ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድም አለ። ሃይስኩል ሳለሽ በኤፒ (የኮሌጅ ክሬዲት በሚያስገኘው የሃይስኩል) ፈተና ወይም በኮሚኒቲ ኮሌጅ ክሬዲት ይዘሽ ከሆነ የጄኔራል ኤዱኬሽኑ ቦታ አስቀድሞ ተሞልቷል። ያኔ ኦነርሱ የሚተካው ነገር ያጣል፤ ለሌላው «ምትክ» የሆነው ላንቺ «ተጨማሪ» ይሆናል። ይህን የሚነግርሽ ሬጅስትራሩ ነው፤ ትራንስክሪፕትሽን ልከሽ አስመዝኚ።

ከሁለተኛ ዓመት በኋላ የነርሲንግ ተማሪን የሚያድናት «ኦነርስ ኮንትራክት» የሚባለው ነው። የምትወስጂውን መደበኛ ኮርስ፣ ለምሳሌ ፓቶፊዚዮሎጂን፣ ከአስተማሪው ጋር ተስማምተሽ ተጨማሪ ሥራ ትሠሪበትና ኦነርስ ሆኖ ይቆጠርልሻል፤ ሌላ ሰዓት አይፈልግም። ከስምንት እስከ አሥር ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ወይም ለክፍሉ የሚቀርብ የ20 ደቂቃ ገለጻ የተለመደ ነው። የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ቅጹ ነው፤ ኮንትራክቱ አብዛኛውን ጊዜ በሰሚስተሩ መጀመሪያ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ውስጥ በአንቺ፣ በአስተማሪውና በዳይሬክተሩ ተፈርሞ መግባት አለበት። በቃል ተስማምቶ ጽሑፉን ሠርቶ ዲሴምበር ላይ «ቅጽሽ የለም» የተባለ ተማሪ ብዙ ነው። ሁለተኛው «ተጨማሪ ወረቀት ትጽፋለች» ተብሎ በደፈናው መፈረም ነው። ርዕሱ፣ የገጹ ብዛት፣ የመጀመሪያው ድራፍት የሚቀርብበት ቀንና ሥራው የኮርሱን ውጤት ይነካ አይነካ ቅጹ ላይ ይስፈር። የመጨረሻው በተለይ ወሳኝ ነው፤ ካልተጻፈ የኮንትራክቱ ሥራ ቢዘገይ የፓቶፊዚዮሎጂ ውጤትሽን ይዞ ሊወርድ ይችላል። በፕሮግራሙ ስንት ኮርስ በኮንትራክት ማሟላት እንደሚፈቀድም ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ ጣሪያ አለው።

3.4ን የፈራሽው በትክክል ነው፤ የፈራሽበት ቦታ ግን ሌላ ነው። በቁጥር እንየው። የመጀመሪያ ሰሚስተርሽ 16 ክሬዲት ነው እንበል፦ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አራት ክሬዲት፣ የኦነርስ ሴሚናር ሦስት፣ እንግሊዝኛ ሦስት፣ ሳይኮሎጂ ሦስት፣ ስታቲስቲክስ ሦስት። አናቶሚ ቢ ማይነስ (2.7)፣ ሴሚናሩ ኤ ማይነስ (3.7)፣ እንግሊዝኛ ቢ ፕላስ (3.3)፣ ሳይኮሎጂ ኤ (4.0)፣ ስታቲስቲክስ ቢ (3.0) ብታመጪ፣ እያንዳንዱ በክሬዲቱ ሲባዛ ድምሩ 52.8 ነው። ለ16 ሲካፈል 3.30። ወረድሽ። ሴሚናሩን አውጥተሽ ብታሰይው ግን 41.7 ለ13 ይካፈላል፣ 3.21 ይሆናል። ሴሚናሩ ከፍ አደረገሽ እንጂ አላወረደሽም። ያወረደሽ ባለ አራት ክሬዲቱ አናቶሚ ነው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ እሱ ብቻ ቢ ፕላስ ቢሆን 3.45 ይመጣ ነበር። ስለዚህ ጭንቀትሽንም ሰዓትሽንም ለአናቶሚ ስጪ፤ በነጻ የሚሰጠውን የማስጠኛ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ተጠቀሚበት።

3.30 ማምጣት ራሱ ወዲያው ያስወጣል ማለትም አይደለም። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች አንድ ሰሚስተር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹም ጂፒኤውን የሚያዩት በዓመቱ መጨረሻ ነው። በሚቀጥለው ሰሚስተር በ16 ክሬዲት 3.5 ካመጣሽ ድምሩ ልክ 3.40 ላይ ይመለሳል። የሚታየው የሰሚስተሩ ነው ወይስ የጠቅላላው? በዓመት አንዴ ወይስ ሁለቴ? ካታሎጉ ላይ አለ፤ ከሌለ በኢሜይል ጠይቂና መልሱን አትደምስሺው።

በገንዘቡ ላይ ሦስት ነገር ለፋይናንሻል ኤድ ቢሮው በጽሑፍ ላኪ። አንድ፣ 3,000ው አሁን ባለኝ ላይ ይደመራል ወይስ ከሌላው የኮሌጁ ግራንት ላይ ይቀነሳል? በቀኝ ሰጥቶ በግራ መውሰድ አለ። ሁለት፣ ከኦነርሱ ብወጣ የሚቀርብኝ ይህ 3,000 ብቻ ነው ወይስ በውጤቴ የተሰጠኝ ዋናው የሜሪት ስኮላርሺፕም ይነካል? ሦስት፣ የስኮላርሺፑ የጂፒኤ መስፈርት ከፕሮግራሙ 3.4 ጋር አንድ ነው? ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ሲኖራቸው ተማሪ ይደናገራል፤ ከፕሮግራሙ ወጥቶ ስኮላርሺፑ የሚቀርለት አለ፣ ተገላቢጦሹም አለ። በነገራችን ላይ ስኮላርሺፕና ግራንትሽ ተደምሮ ከትምህርት ክፍያ፣ ከግዴታ ፊዎችና ከተጠየቁ መጻሕፍት ዋጋ ካለፈ፣ ለዶርምና ለምግብ የዋለው ትርፍ ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ነው። ቤተሰብሽ ታክስ የሚያሠሩበት ሰው ይህን ይወቅ።

አሁን የመናገሩ ፍርሃት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምክንያቱም በሴሚናር ተሳትፎ ከውጤቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚይዝበት ኮርስ ብዙ ነው። እኛ ስናድግ ታላቅ ባለበት ዝም ማለት ጨዋነት ነው። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት 12 እና 15 ተማሪዎች መካከል ዝም ያለው አላነበበም ተብሎ ነው የሚቆጠረው፤ አስተማሪው ቅር ብሎት ሳይሆን ሌላ የሚያይበት ነገር ስለሌለው ነው። የሚሠራው ዘዴ እንዲህ ነው። ለረቡዕ 40 ገጽ ከተሰጠ ሰኞ ማታ አንብበሽ ጨርሺና በወረቀት ሦስት ነገር ጻፊ፦ አንድ የገጽ ቁጥር ከነዓረፍተ ነገሩ፣ ያልገባሽ አንድ ነገር፣ የማትስማሚበት አንድ ነገር። ክፍል ስትገቢ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ አንዱን አንብቢው። «ገጽ 27 ላይ ያለው ይህ አባባል ከፊተኛው ምዕራፍ ጋር አልገጠመልኝም» ማለት በቂ ተሳትፎ ነው፤ ንግግር ማሳመር አይጠበቅብሽም። 15ቱ ደቂቃ ካለፈ ሌሎቹ ይሞቃቸዋል፣ ያንቺም ነጥብ በሌላ አፍ ይወጣል። ከሁለተኛው ሳምንት በፊት ደግሞ በአስተማሪው የቢሮ ሰዓት ሄደሽ «እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው፣ ለመናገር ጊዜ እወስዳለሁ» በይ። ልመና አይደለም፤ ቢሮ ሰዓቱ የተቀመጠው ለዚህ ነው። በትንሽ ኮሌጅ ያው አስተማሪ ከሦስት ዓመት በኋላ የድጋፍ ደብዳቤሽን የሚጽፈው ሊሆን ይችላል፤ ለኔ ከኦነርሱ ጥቅም ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ሌላው እውነተኛ ጥቅም ለኮርሶች ከሌላው ተማሪ ቀድሞ መመዝገብ ነው። ይህ ፕሮግራም ከሰጠ ለሠራተኛ ተማሪ ከ3,000ው አይተናነስም፤ ላቦቹን ከሥራሽ ጋር በሚስማማ ቀን ትይዣለሽ። የኦነርስ ዶርም ግዴታ ከሆነና አንቺ ከቤተሰብ ጋር ሆነሽ ልትመላለሺ ካሰብሽ ግን አሁኑኑ አንሺው።

ለሥራ መቀጠሪያማ እውነቱን ልንገርሽ፦ አዲስ ነርስ የሚቀጥር ሆስፒታል አስቀድሞ የሚያየው ኤንክሌክስን፣ ማለትም የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን፣ ማለፍሽንና ክሊኒካልሽን የት እንደሠራሽ ነው። ኦነርሱ የሚከፍለው ወደ ማስተርስ ወይም ወደ ነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርት ስትሄጂ ነው። አራት ዓመት ተምረሽ ወዲያው ሥራ ላይ መሰማራት ብቻ ከሆነ ዕቅድሽ፣ ከላይ ካሉት ጥያቄዎች ሁለቱ መጥፎ መልስ ካመጡ ሳትጸጸቺ ተይው።

ከገባሽ ከአሁኑ ልታውቂው የሚገባው የቲሲሱ ነገር ነው፤ የነርሲንግ ተማሪ የምትሰናከልበት ሁለተኛው ቦታ እሱ ነው። በመጦሪያው ስትሠሪ ያየሽውን ጥሩ ርዕስ ይመስልሻል። የምትንከባከቢያቸውን ሰዎች መዝገብም ሆነ ታሪክ፣ ስም ቀይረሽም ቢሆን፣ በራስሽ ፈቃድ መውሰድ አትችይም፤ ከ1996 ጀምሮ ያለው የጤና መረጃ ሕግ፣ ሂፓ፣ ይከለክላል፤ ሥራሽንም ያሳጣሻል። ሰው ቃለ መጠይቅ ለማድረግ ደግሞ የኮሌጁ የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ፣ አይአርቢ፣ አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። ከፈቃዱ በፊት የሰበሰብሽው ቃለ መጠይቅ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይገባም፤ ወደኋላ ተመልሶ ማጽደቅ የለም።

ለምሳሌ የሐበሻ እናቶች በወሊድ ክትትል ጊዜ አስተርጓሚ እንዴት እንደሚያገኙ ልትጠይቂ ብትፈልጊ፦ ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛም በአማርኛም፣ የስምምነት ቅጹም እንዲሁ በሁለቱም ተዘጋጅቶ ለቦርዱ ይቀርባል። የአማርኛውን ትርጉም ሌላ ሰው እንዲያረጋግጠው ሊጠይቁሽ ይችላሉ፤ በትንሽ ኮሌጅ አማርኛ የሚያነብ አይገኝምና ሰው አስቀድመሽ አስቢ። አስተያየት ተሰጥቶበት ተስተካክሎ እስኪመለስ ሳምንታት ይፈጃል፤ በበጋ (በሰመር) ቦርዱ ላይሰበሰብም ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻው በሦስተኛ ዓመት ማርች ገደማ ይግባ፤ ቃለ መጠይቁ በበጋ፣ ጽሑፉ በበልግ፣ የመጨረሻው ዓመት ጸደይ (ስፕሪንግ) ለኤንክሌክስ ዝግጅት ይቅር። ይህ ሁሉ ከበዛብሽ የታተሙ ጥናቶችን ገምግሞ መጻፍ የአይአርቢ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ብዙ ፕሮግራሞች ይቀበሉታል። ያንቺውም የሚቀበለው መሆኑን ግን ቀድመሽ ጠይቂ።

የሥራ ሰዓትሽንም አስይው። ለአንድ ክሬዲት ከክፍል ውጭ ሁለት ሰዓት ጥናት የተለመደው ስሌት ነው፤ 16 ክሬዲት 32 ሰዓት ጥናት ማለት ነው። ክፍሉ 16 ገደማ፣ የአናቶሚው ላብ ደግሞ አንድ ክሬዲት ተቆጥሮ ሁለትና ሦስት ሰዓት ስለሚወስድ ወደ 18። ከቅዳሜና እሁዱ 16 ጋር 66 ሰዓት ነው። በአንደኛ ዓመት ይቻላል። ክሊኒካል ሲጀመር ግን አንዱን ቀን መተው ይኖርብሻል፤ አሠሪሽን ቀደም ብለሽ አነጋግሪ።

ሜይ 1 ሳይደርስ ለዳይሬክተሩ፣ ለነርሲንጉ ክፍልና ለፋይናንሻል ኤድ ሦስቱን ኢሜይል ላኪ። በአምስት የሥራ ቀን ካልመለሱ ስልክ ደውዪ። ገብተሽ ካልሆነልሽ ደግሞ መውጫው ቀላል ነው፤ ለዳይሬክተሩ በጽሑፍ ታሳውቂያለሽ፣ ያለፍሻቸው ሴሚናሮች ክሬዲታቸው ይቀርልሻል፣ «ከኦነርስ ወጣች» የሚል ነገርም አብዛኛውን ጊዜ ትራንስክሪፕት ላይ አይጻፍም። ብቻ በሰሚስተር መሀል ሴሚናሩን ራሱን እንዳታቋርጪ፤ ከ12 ክሬዲት በታች ከወረድሽ የሙሉ ጊዜ ተማሪነትሽ ይቀራል፣ ዕርዳታውም አብሮ ይናጋል። ሰሚስተሩን ጨርሰሽ ውጪ።